ሮኬት ሲነሳ ለማየት ድንኳን የት ይተከል? የአራት ማምጠቂያ ሥፍራዎች ንጽጽር

እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2025 ስታርሺፕ የተባለውን ግዙፍ ሮኬት ለማየት በደቡብ ቴክሳስ የባሕር ዳርቻ የተሰበሰቡ ሰዎች፣ በምድር ላይ ባለው መሣሪያ ላይ በተፈጠረ ችግር በረራው ተሰርዞባቸው ወደየማረፊያቸው ተመለሱ። በማግስቱ ደግሞ ቆጠራው ተጀምሮ ሳለ ደመና አስቆመው። ሮኬቱ የተነሳው በሦስተኛው ቀን፣ ኦገስት 26 አመሻሽ ላይ ነው። ለአንድ ሌሊት ብቻ ቦታ ይዞ የመጣ ሰው አይቶ የሄደው የቆመ ሮኬት ነው፤ አራት ሌሊት የያዘው ግን የመጣበትን አይቶ ተመለሰ።

በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ ያሉ አራት የማምጠቂያ ሥፍራዎችን፣ ማለትም የፍሎሪዳውን ኬፕ ካናቬራል፣ የቴክሳሱን ስታርቤዝ፣ የካሊፎርኒያውን ቫንደንበርግና የቨርጂኒያውን ዋሎፕስ፣ ድንኳን ይዞ ለሚሄድ ሰው በሚጠቅም መልኩ አነጻጽራለሁ (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው ቦታ የሚመርጠው በርቀት ነው፤ ሮኬቱ ወደሚነሳበት መድረክ በቀረበ ቁጥር የተሻለ ይመስለዋል። ርቀት ዋጋ እንዳለው አልክድም፤ ሚዛኑን የሚደፋው ግን ሌላ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ፦ በረራው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢገፋ፣ ያ ቦታ ከነቤተሰብ ከነጓዝ ችሎ ያቆያል ወይ?

ከቦታው በፊት በረራውን መምረጥ

ሁሉም በረራ እኩል አያስጠብቅም። ስታርሊንክ የተባሉትን ሳተላይቶች የሚያጓጉዘው ፋልከን 9 አብዛኛውን ጊዜ የተወሰኑ ሰዓታት ስለሚሰጡት፣ ዝናብ ወይም ነፋስ ቢያጋጥም በዚያው ቀን ሰዓቱን ገፋ አድርጎ መነሳት ይችላል። ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚሄድ ሮኬት ግን የጣቢያው ምሕዋር በማምጠቂያው ሥፍራ በላይ በሚያልፍበት ቅጽበት መነሳት ስላለበት፣ ያች ቅጽበት ካመለጠችው የዚያ ቀን ነገር አበቃ፤ ቀጣዩ ዕድል በማግስቱ ከተሰጠም ሰዓቱ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል ቀደም ይላል። ሜይ 27 ቀን 2020 ሁለት ጠፈርተኞችን የያዘችው ክሩ ድራጎን የተባለች መንኮራኩር በአየር ሁኔታ ምክንያት የቆመችው 17 ደቂቃ እንኳ ሳይቀራት ነበር፤ የተነሳችው ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሜይ 30 ነው።

ከሁሉም የሚከብደው አዲስ ወይም በብዛት ያልተሞከረ ሮኬትን መጠበቅ ነው። ወደ ጨረቃ የተላከው አርቴሚስ 1 ኦገስት 29 ቀን 2022 ሊነሳ ታስቦ ቀረ፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን ደግሞ በሃይድሮጂን መፍሰስ ምክንያት ቀረ፣ ቀጥሎም አውሎ ነፋስ መጥቶ ሮኬቱ ወደ መጠለያው ተመለሰ፤ በመጨረሻ የተነሳው ኖቬምበር 16 ቀን ነው። እንዲህ ላለው በረራ የዓመት ፈቃዱን በሙሉ ከወራት በፊት የሚያስሞላ ሰው ዕድሉን በአንድ ቀን ላይ እየጣለ ነውና፣ ጉዞው የመጀመሪያው ከሆነ ደጋግሞ የሚበር ሮኬት ቢመርጥ እመክራለሁ።

ሰዓቱን ስለማንበብም አንድ ነገር ልጨምር። የበረራ ሰዓት የሚገለጸው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በሚቆጠረው ሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜም በአካባቢው ሰዓት ሳይሆን በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት ይጻፋል። አርቴሚስ 1 በፍሎሪዳ ሰዓት አቆጣጠር 1:47 ላይ ተነሳ ሲባል፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ከ47 ደቂቃ ማለት ነው። ምሽት ላይ የሚነሳ ሮኬት በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲጻፍ የማግስቱን ቀን ሊይዝ ስለሚችል፣ ቦታ ከመያዝዎ በፊት ቀኑን ወደ አካባቢው ሰዓት ቀይረው በወረቀት ላይ ያስፍሩት። በአንድ ቀን ስሕተት ባዶ ሰማይ አይቶ መመለስ ይመጣል።

ፍሎሪዳ፦ ብዙ በረራ፣ ብዙ ምርጫ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመርጠው ፍሎሪዳን ነው። በ2024 ከኬፕ ካናቬራልና ከአጠገቡ ካለው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ከ90 በላይ ሮኬቶች ተነስተዋል፤ ይህም በአማካይ በየአራት ቀኑ አንድ እንደማለት ነው። አንድ ሳምንት ድንኳን ተክሎ የሚቆይ ሰው፣ የመጣለት በረራ ቢሰረዝበት እንኳ ሌላ ሮኬት ሲነሳ የማየት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ዕድል ከሦስቱ ሌሎች ሥፍራዎች አንዱም በዚህ መጠን አይሰጥም።

እዚያ ከደረሱ በኋላ ዋናው ምርጫ በሁለት የካምፕ ሥፍራዎች መካከል ነው። ጄቲ ፓርክ በፖርት ካናቬራል ወደብ መግቢያ ላይ፣ ከማምጠቂያዎቹ በስተደቡብ የሚገኝ ሲሆን፣ ለድንኳንም ለመኖሪያ መኪናም ቦታ አለው። ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ፋልከን 9 የሚነሳበት መድረክ 40 በቀጥታ መስመር 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ኒው ግሌን የተባለው ሮኬት የሚነሳበት መድረክ 36 ግን 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መታጠቢያውም፣ ባሕሩም፣ ዓሣ ማጥመጃው ድልድይም እዚያው ስለሆነ፣ በረራው በተራዘመ ጊዜ ልጆች የሚውሉበት አያጡም። ጉድለቱ ቦታው ቶሎ መያዙ ነው፤ ትልቅ በረራ ከታወጀ በኋላ ባዶ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

ሁለተኛው ከታይተስቪል ከተማ በስተደቡብ፣ በኢንዲያን ሪቨር ዳር ያለው ማናቲ ሃሞክ ነው። ከመድረክ 40ም ሆነ አፖሎና ስፔስ ሸትል ከተነሱበት መድረክ 39ኤ ያለው ርቀት ተቀራራቢ፣ 20 ኪሎ ሜትር ከትንሽ ገደማ ነው። በርቀቱ ከጄቲ ፓርክ የሚተናነስ ቢመስልም እኔ ለሌሊት በረራ ይህንን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቴም ውኃው ነው። በእርስዎና በመድረኮቹ መካከል ሰፊ ጠፍጣፋ ውኃ ስለተዘረጋ ዓይንን የሚከልል ነገር ትንሽ ነው፤ ሮኬቱ ሲቀጣጠል የሚፈነጥቀው ብርቱካናማ ብርሃንም ውኃው ላይ ረዥም ሆኖ ወደ እግርዎ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ምንም ድምፅ የለም። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ሮኬቱ ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ መታጠፍ ከጀመረ በኋላ ነው፣ አንድ ደቂቃ ያህል ዘግይቶ፣ ጉርምርምታው ከውኃው ወዲያ የሚደርሰው። ለልጆች ይህን አስቀድሞ መንገር ደግ ነው፤ ብርሃኑን አይተው ከ60 ወደ ታች እየቆጠሩ ድምፁን ይጠብቃሉ።

ፕላያሊንዳ የተባለው የባሕር ዳርቻ ለመድረክ 39ኤ ከሁሉም ይቀርባል፤ ርቀቱ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁንና ሲመሽ ስለሚዘጋ ድንኳን አይተከልበትም፤ ለአንዳንድ በረራዎችም በቀን ሳይቀር ይዘጋል። ስለዚህ የካምፕ ቦታዎን ሌላ ዘንድ አድርገው፣ በቀን ለሚነሳ ሮኬት ብቻ፣ ክፍት መሆኑን በዚያው ጠዋት አረጋግጠው የሚሄዱበት ተጨማሪ አማራጭ አድርገው ይያዙት። ከዚያ በስተሰሜን በሞስኪቶ ላጉን ውስጥ ያሉት ደሴቶች ደግሞ በጀልባ ወይም በታንኳ ብቻ የሚደረስባቸው የካምፕ ቦታዎች አሏቸው። ጸጥታ ለሚወድና መቅዘፍ ለለመደ ሰው ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን ከመድረኮቹ ይርቃሉ፣ የሚጠጣ ውኃ በሙሉ ተሸክሞ መሄድ ያስፈልጋል፣ ስማቸው ራሱም የትንኝ ሐይቅ ማለት ነው።

የፍሎሪዳ ወቅት ከቦታው ባልተናነሰ መመረጥ አለበት። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና መብረቅ የዘወትር ነገር ነው፤ የአውሎ ነፋስ ወቅቱም ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ይዘልቃል። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት አየሩ ደረቅ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳል። በውኃው ዳር ንጋትና ምሽት ላይ የሚመጡት ዓይን የማይለያቸው ተናካሽ ነፍሳት በተራ የድንኳን መረብ ቀዳዳ ስለሚገቡ፣ መረቡ እጅግ ደቃቅ መሆኑን ቤትዎ ሳሉ ይመርምሩ።

ስለ አየር ትንበያው ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ገልብጦ በማንበብ ነው። በኬፕ ካናቬራል ያለው 45ኛው የአየር ሁኔታ ክፍል ከበረራው ቀናት ቀደም ብሎ የሚያወጣው መቶኛ፣ የአየር ሁኔታው በረራውን የሚከለክልበትን ዕድል የሚያሳይ ነው። 30 በመቶ ካለ፣ በ70 በመቶው አየሩ አይከለክልም ማለት ነው። ጥንቃቄውም በከንቱ የመጣ አይደለም፤ ኖቬምበር 14 ቀን 1969 አፖሎ 12 በዝናብ ደመና ውስጥ ተነስቶ፣ ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሁለት ጊዜ በመብረቅ ተመትቷል። በመሆኑም ከእርስዎ ራስ በላይ ያለው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ቆጠራው ቢቆም፣ በአካባቢው መብረቅ ሊያመጣ የሚችል ደመና አለ ማለት ሊሆን ይችላልና ድንኳንዎን ለመንቀል አይቸኩሉ።

ቴክሳስ፦ አንድ ሮኬት፣ ትልቅ ድምፅ

ወደ ስታርቤዝ የሚኬደው ስታርሺፕን ለማየት ብቻ ነው። በ2024 አራት ጊዜ፣ በ2025 ደግሞ አምስት ጊዜ ስለበረረ፣ በረራው ካመለጠ በዚያው ሳምንት ሌላ የሚተካው ነገር አይኖርም። ከመድረኩ አጠገብ ያለው የቦካ ቺካ የባሕር ዳርቻና ወደዚያ የሚወስደው ስቴት ሃይዌይ 4 በበረራ ጊዜ ስለሚዘጉ፣ እዚያ ድንኳን ተክሎ እመለከታለሁ ብሎ ማቀድ አይቻልም።

ተመራጩ ቦታ በሳውዝ ፓድሬ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ያለው ኢዝላ ብላንካ ፓርክ ነው። ከመድረኩ በቀጥታ መስመር ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ ፓርኩ ራሱ የካምፕ ቦታ ስላለው ደግሞ፣ ከሌሊት ጀምሮ ወደ ደሴቱ ለመግባት በድልድዩ ላይ ከሚሰለፉት መኪናዎች ጋር ከመጋፋት ይድናሉ። 33 ሞተሮች በአንድ ጊዜ ሲቀጣጠሉ ድምፁ 24 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስም በጆሮ ከሚሰማው ይልቅ በደረት የሚሰማው ይበልጣል። በመጀመሪያው የሙከራ በረራ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 2023፣ ሮኬቱ የመድረኩን ኮንክሪት ሰባብሮ የበተነው አቧራ ፖርት ኢዛቤል ከተማ ድረስ ወርዷል። ኦክቶበር 13 ቀን 2024 ደግሞ ግዙፉ የታችኛው ክፍል ወደ ተነሳበት ተመልሶ በማማው ክንዶች ተይዟል፤ ተመልሶ የሚመጣበት በረራ ከሆነ፣ ከተነሳ ከሰባት ደቂቃ ገደማ በኋላ የሚሰማው ፍንዳታ መሰል ድምፅ ሕፃናትን ስለሚያስደነግጥ የጆሮ መከለያ ይያዙላቸው።

የቴክሳስ ችግሩ ነፋሱ ነው። ደሴቱ አሸዋ ነው፤ ለአፈር የተሠራ አጭር ካስማ አሸዋ ውስጥ ሌሊቱን አያድርም። የሚበጀው መንገድ ይህ ነው፦ የጨርቅ ከረጢት በአሸዋ ይሙሉ፤ የድንኳኑን አውታር በወገቡ ይሰሩ፤ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው ከረጢቱን አጋድመው ይቅበሩ፤ ከዚያ አሸዋውን በእግር ይርገጡ። ነፋሱ አውታሩን በሳበ ቁጥር ከረጢቱ ላይ የተከመረው አሸዋ ይይዘዋል። ከሰዓት በኋላ ከፀሐዩ የሚጠለሉበት ዛፍ ስለማይገኝ፣ የጥላ መጋረጃ ከድንኳኑ እኩል አስፈላጊ ነው።

ካሊፎርኒያ፦ ሰማዩ ከጠራ ከሁሉም ይበልጣል

ከቫንደንበርግ የጠፈር ኃይል ጦር ሰፈር የሚነሱት ሮኬቶች በአብዛኛው ወደ ደቡብ፣ በባሕሩ ላይ ይሄዳሉ፤ በ2024 ብዛታቸው ወደ 50 ስለደረሰ፣ ከፍሎሪዳ ቀጥሎ ዕድል የሚሰጠው ሥፍራ ይህ ነው። ከጦር ሰፈሩ በስተደቡብ ያለው ሃላማ ቢች የካምፕ ሥፍራ ከፋልከን 9 መድረክ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መድረኩን ራሱን ኮረብታ ይጋርደዋል፤ ሮኬቱ ከኮረብታው በላይ ብቅ ካለ በኋላ ግን የሚጓዘው እርስዎ ወዳሉበት አቅጣጫ ነውና፣ ለረዥም ጊዜ በዓይን ይከተሉታል።

ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወይም ከመውጣቷ በፊት ባለው ግማሽ ወይም አንድ ሰዓት ውስጥ የሚነሳ ሮኬት እዚህ ካጋጠመ፣ በእኔ አስተያየት ከአራቱም ሥፍራዎች የሚበልጥ ትዕይንት ነው። ምድሩ ጨልሞ ሮኬቱ ከፍ ሲል ፀሐይ ታገኘዋለች፤ በስሱ አየር ውስጥ የሚንሰራፋው ጭስም በሰማያዊና በነጭ እየበራ የሰማዩን ሰፊ ክፍል ይሸፍናል። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ በተለይ ከሜይ እስከ ኦገስት ከባሕሩ የሚገባው ጉም ዳርቻውን ስለሚጋርድ፣ ድምፁን ሰምተው ብርሃኑን ሳያዩ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ከኦክቶበር ጀምሮ ባሉት ወራት የተሻለ ይጠራል።

ወደ ሃላማ የሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ከዋናው መንገድ 23 ኪሎ ሜትር ያህል ይገባል፤ የስልክ ኔትወርክም አስተማማኝ አይደለም። በረራው መራዘሙን የሚነግርዎት ሰው ላይኖር ይችላልና፣ ከመግባትዎ በፊት የመጨረሻውን ሰዓትና ተለዋጭ ቀኑን ይዘው ይግቡ። ለአንዳንድ በረራዎችም ሥፍራው ራሱ ለደኅንነት ሲባል ሊዘጋ ስለሚችል፣ ቦታ መያዝ ብቻውን በቂ አይደለም። ኔትወርክና ገበያ ቅርብ እንዲሆንለት የሚፈልግ ሰው በሎምፖክ ከተማ ያለውን ሪቨር ፓርክ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ባሕሩን ያጣል፣ ዜናውን ግን አያጣም።

ቨርጂኒያ፦ ለፈረሶቹ ሄዶ ሮኬቱን ማየት

ዋሎፕስ በዓመት የሚያስነሳው ጥቂት ሮኬት ነው፤ ሮኬት ላብ የተባለው ኩባንያ ሮኬት ኤሌክትሮን ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ጃንዋሪ 24 ቀን 2023 ነው። ቅርቡ ማረፊያ ቺንኮቲግ ደሴት ሲሆን፣ ከመድረኮቹ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ላይ የግል የካምፕ ሥፍራዎች አሉ። የዱር ፈረሶች የሚሰማሩበት አሳቲግ ደሴት ካምፕ የሚፈቀደው በሜሪላንድ በኩል ብቻ ነው፤ ይህም ከመድረኮቹ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ በደሴቱ ላይም ወደ ቨርጂኒያው ክፍል የሚያሻግር የመኪና መንገድ የለም። ፈረሶቹንና ባሕሩን ዋና ዓላማው አድርጎ፣ ሮኬቱን እንደ ተጨማሪ ዕድል የሚቆጥር ቤተሰብ አይከፋም፤ ለሮኬቱ ብቻ ሩቅ መንገድ የሚመጣ ሰው ግን ፍሎሪዳን ይምረጥ። እዚህም መዘግየት አይቀርም፤ ኦክቶበር 27 ቀን 2014 አንታሬስ የተባለው ሮኬት የቀረው አንዲት ጀልባ ወደ ተከለከለው የባሕር ክልል ገብታ ነው። በማግስቱ ተነስቶ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ፈነዳ፤ የተዘጋ መንገድና የታጠረ ዳርቻ ሲያጋጥምዎ ምክንያቱ ይህ ነው።

ድንኳን ወይስ የመኖሪያ መኪና?

ለሁለት ሌሊት ድንኳን በቂ ነው። ከዚያ በላይ ለመጠበቅ የተዘጋጀ ሰው፣ በተለይ በፍሎሪዳና በቴክሳስ ሙቀት፣ አቅሙ ከፈቀደ የመኖሪያ መኪና ቢከራይ ትዕግሥቱ ይረዝማል፤ በነጎድጓድ ጊዜም ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፣ ባለ ብረት ጣሪያ የተዘጋ መኪና ግን ይጠልላል። ድንኳን የመረጠ ሰው መኪናውን ከአጠገቡ የሚያቆምበትን ቦታ ይምረጥ።

ከዕቃ ሁሉ ባይኖኩላር ይቀድማል፤ ጨዋማው ነፋስ መስታወቱን ስለሚያደበዝዘው ሁለት ንጹሕ ጨርቅ ይያዙ። ቀይ ብርሃን ያለው የራስ መብራት፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮና ፓወር ባንክ ይጨምሩ፤ በበረራው ሰዓት ብዙ ሕዝብ ስለሚጠቀም የስልክ ኔትወርክ ሊጨናነቅ ይችላል። ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ የምለው አንድ ነው፦ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርገው በራሱ እንዲቀዳ ይተዉት። በዓይን የሚታየው ነገር ከሁለት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ ያንን በትንሽ ስክሪን ውስጥ ማሳለፍ ያሳዝናል።

ቦታ ሲይዙ ከተባለው ቀን አንድ ሌሊት በፊት ጀምረው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሌሊት ጨምረው ይያዙ፤ ስለ ስረዛ ያለውን ደንብም ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ያንብቡ። ሮኬቱ በመጀመሪያው ቀን ቢነሳ እንኳ በዚያው ምሽት መንገድ አይጀምሩ። ከትልልቅ በረራዎች በኋላ የታይተስቪል መንገዶችና ከሳውዝ ፓድሬ የሚያወጣው ድልድይ ለሰዓታት ይጨናነቃሉ፤ ካምፕ ያደረገ ሰው ግን ሻዩን አፍልቶ፣ ጭሱ በሰማዩ ላይ በነፋስ እየተጣመመ ሲበተን እያየ ሊቀመጥ ይችላል። ካስማውን ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይንቀሉ።